ብቻዬን ወደማላውቀው አገር ልሄድ ነው፤ እናንተ ስትሄዱ ምን ገጠማችሁ?

የመስኮት ወንበር፦

ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያዬ የሆነ የውጭ አገር ጉዞ ደርሷል። ብቻዬን ነኝ። ኢስታንቡል አራት ቀን እቆያለሁ፣ ከዚያ በሌሊት ባቡር ወደ ሶፊያ እሻገራለሁ፣ ቡልጋሪያን ትንሽ አየት አየት አድርጌ ከዚያው በአውሮፕላን እመለሳለሁ። ቪዛ ወጥቷል፣ ሆቴል ተይዟል፣ ትኬት ተቆርጧል። በወረቀት በኩል የቀረ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ግን ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። የምፈራውን ነገር ራሱ በደንብ አላውቀውም። ሌባ አይደለም። መጥፋትም አይደለም፣ ስልኬ ካርታ አለው። ቱርክኛም ቡልጋርኛም አንድ ቃል አልችልም፣ እሱ ይሆናል መሰለኝ። ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ አንድ ነገር ነው፦ የሆነ መስኮት ፊት ቆሜአለሁ፣ ከውስጥ ያለችው ሴትዮ የሆነ ነገር ደጋግማ ትጠይቀኛለች፣ እኔ ምንም አይገባኝም፣ ከኋላዬ ደግሞ ሰልፉ ይረዝማል።

የጉዞ ቪዲዮ አይቼ ጠግቤአለሁ። እዚያ ላይ ሁሉም ሰው ከአውሮፕላን የሚወርደው ፀጉሩ እንደተሠራ ነው። እኔ የምፈልገው የእናንተን ነው። የማታውቁት አገር ስትገቡ በእውነት ምን ሆናችሁ? የሚያሳፍረውንም ጭምር። «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» ብቻ እንዳትሉኝ፤ እሱን እናቴም ትለኛለች።


ዘግይቶ ደራሽ፦

ሶፊያ ካልሽ ይሄ ታሪክ ላንቺ የተቀመጠ ነው።

ፕሎቭዲቭ ነበርኩ፣ ወደ ሶፊያ የሚሄድ አውቶቡስ ፈልጌ መናኸሪያ ገባሁ። ጽሑፉ ሁሉ በሲሪሊክ ፊደል ነው። ሞተሩን አስነስቶ የቆመ አውቶቡስ አየሁ፣ ሾፌሩ በሩ ጋ ሲጋራውን ያጨሳል። «ሶፊያ?» አልኩት። ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። አመስግኜው ሄድኩ። ቀጥሎ ያለውን ሾፌር «ሶፊያ?» ስለው እሱ ራሱን ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቀ። ደስ አለኝ። ሻንጣዬን አንስቼ ልጭን ስል ሰውየው እንደ እብድ አየኝ፣ ሻንጣውን ከእጄ ተቀብሎ መሬት ላይ መለሰው፣ እንደገና ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። ተያየን። በዚህ መሃል የመጀመሪያው አውቶቡስ ዓይኔ እያየ ወጥቶ ሄደ። ግንባሩ ላይ የተጻፈውን ያን ጊዜ ነው ፊደል በፊደል የቆጠርኩት። ሶፊያ ይላል።

ቡልጋሪያ ውስጥ ራስ መነቅነቅ «አይደለም» ነው፣ ግራና ቀኝ መወዝወዝ «አዎ»። ይሄን ከመሄዴ በፊት አንብቤው ነበር እኮ! አንብቤ ስቄበታለሁ። ቦታው ላይ ስደርስ ግን አንገቴ የሚያውቀውን ነው ያመነው። ጭራሽ ደግሞ አንዳንዱ ሰው የውጭ ሰው መሆንሽን ሲያይ ላንቺ ብሎ ይገለብጠዋል፣ አንዳንዱ አይገለብጠውም፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ የምታውቂበት መንገድ የለም። ስለዚህ አንገቱን ትተሽ አፉን ስሚ። «ዳ» ካለ አዎ ነው፣ «ኔ» ካለ አይደለም ነው።

ይሄን በደንብ ለምጄ ወደ ግሪክ ተሻገርኩ። ተሰሎንቄ አንድ ካፌ ገብቼ «ይሄ ወንበር ባዶ ነው?» ብዬ በእጄ ጠየቅኩ። ሰውየው «ኔ» አለኝ። ይቅርታ ብዬ ወደ ሌላው ሄድኩ። እዚያም «ኔ»። ግማሽ ካፌ ዞሬ ቆሜ ጠጣሁ። በግሪክኛ «ኔ» ማለት አዎ ነው። ጎረቤታሞች ናቸው እኮ!

ሌላ አንድ ነገር፣ የሲሪሊክ ፊደሉን ከመሄድሽ በፊት አጥኚው። የቡልጋርኛው 30 ፊደል ነው፣ ሁለት ማታ አይፈጅም። የሚያሳስተው አዲሱ ፊደል ሳይሆን የምታውቂው የሚመስልሽ ነው፤ እንደ እንግሊዝኛው «ፒ» የሚመስለው «ር» ነው፣ «ሲ» የሚመስለው «ስ» ነው፣ «ኤች» የሚመስለው «ን» ነው።


ሁለቴ አጣሪ፦

ከላይ ያለው ወንድሜ ወንበር ነው ያጣው። እኔ አውሮፕላን።

ኢስታንቡል ውስጥ ሁለት ትልልቅ ኤርፖርቶች አሉ። አንዱ አዲሱ የኢስታንቡል ኤርፖርት ነው፣ በአውሮፓው በኩል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጥቁር ባሕር። ሌላው በሴት ፓይለት ስም የተሰየመው ሳቢሃ ገክቸን ነው፣ በእስያው በኩል። በመሃላቸው መላው ከተማና የቦስፎረስ ወሽመጥ አለ። ይሄን ሁሉ ዛሬ እንደ አስጎብኚ ነው የምተርክልሽ፣ ያን ቀን ጠዋት ግን ታክሲ ውስጥ ገብቼ ያልኩት አንድ ቃል ነው፦ «ኤርፖርት»። ሾፌሩ ዞር ብሎ የሆነ ነገር ጠየቀኝ። «የስ የስ» አልኩት። እንደገና ጠየቀኝ፣ አሁን ረዘም አድርጎ። ፈገግ ብዬ «የስ»።

ምን እንደጠየቀኝ አሁን ገብቶኛል። 

ደርሼ የበረራ ሰሌዳው ላይ የኔን በረራ አጣሁት። ሰዓቱ ገና ስለሆነ ነው ብዬ ተረጋግቼ ተቀመጥኩ፣ ጫማዬን ሁሉ ፈታ አድርጌ። በኋላ መረጃ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ትኬቴን ተቀበለችኝና አንዴ ትኬቱን፣ አንዴ እኔን አየች። እስክሪብቶዋን አንስታ ሦስት ፊደል ከበበችልኝ። ኤስ፣ ኤ፣ ደብልዩ። ከዚያ በእስክሪብቶው በመስኮቱ ወደ ውጭ፣ ራቅ ወዳለ ቦታ አሳየችኝ። ክው አልኩ። ታክሲ ብይዝም ያ ሁሉ ትራፊክ አለ፣ ድልድይ መሻገር አለ። በረራው እኔ ድልድዩ ላይ ቆሜ ሳለ ተነሳ።

አንቺ የምትወጪው በባቡር ስለሆነ ከዚህኛው ተርፈሻል። ግን የምታርፊበትን አሁኑኑ ትኬትሽ ላይ እዪው፤ አይ ኤስ ቲ ከሆነ አውሮፓ በኩል ነሽ፣ ኤስ ኤ ደብልዩ ከሆነ እስያ በኩል። ሆቴልሽ በተቃራኒው ከሆነ የመጀመሪያ ቀንሽ መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። የቆየ ጽሑፍ ላይ አታቱርክ ኤርፖርት የሚል ካገኘሽ እለፊው፣ የመንገደኛ በረራው እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ አዲሱ ዞሯል።

እና ደግሞ ቱርኮች «የለም» ሲሉ ራሳቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው ቅንድብ አንስተው በምላስ «ጭ» ያደርጋሉ። የናቁኝ መስሎኝ ሁለት ቀን ተቀይሜ ነበር። ንቀት አይደለም፣ እንደዚያ ነው የሚሉት።


ካርታ አልባ፦

ኧረ ልጅቷን አታስፈራሯት! እንቅልፍ አጣሁ ላለች ሴት አውሮፕላን አመለጠኝ ይባላል?

እኔ ምንም ሳልዘጋጅ ነው የምሄደው፣ ይኸው አለሁ። ቶኪዮ ስሄድ አንድ የጃፓንኛ ቃል አላውቅም ነበር። እዚያ የሚሠራ ጓደኛዬ «ሺንጁኩ ጣቢያ መውጫው ጋ ጠብቀኝ» አለኝ። እሺ አልኩ፣ ምን ይከብዳል። ደርሼ ሳይ ለካ ጣቢያው ከ200 በላይ መውጫ አለው። ሁለት መቶ! በዓለም ላይ እንደሱ ብዙ ሰው የሚተላለፍበት ጣቢያ የለም ይባላል፣ እኔ በገባሁበት ሰዓት ያ ሁሉ ሕዝብ ወደኔ አቅጣጫ ነበር የሚመጣው። ስልኬ ገና ሲም ካርድ የለውም። ከአንዱ መውጫ ወደ ሌላው ስል የያዝኳትን ትንሽ ቦርሳ የሆነ አግዳሚ ላይ ትቻት ሄድኩ፣ ፓስፖርቴ ውስጧ ነው። ትዝ ሲለኝ ላብ አጠመቀኝ።

ኮባን የሚባል አለ፣ በየአካባቢው የምታገኙት ትንሽ የፖሊስ ቤት። ገባሁ። ፖሊሱ እንግሊዝኛ የለው፣ እኔ ጃፓንኛ የለኝ። በእጄ ቦርሳ ሠራሁለት። ወረቀት አውጥቶ ሣለው። «አይ፣ ማንገቻው ረጅም ነው» ብዬ እስክሪብቶውን ተቀብዬ ማንገቻውን አስረዘምኩት። ዚፑን እሱ ጨመረበት። ቀለሙን ለማሳየት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰማያዊ ፋይል ነካሁ። ሁለት ትልልቅ ወንዶች ጎን ለጎን ቁጭ ብለን እንደ ሕፃን ስዕል እየሣልን፣ እመኑኝ በዚያ ጭንቀት መሃል ሳቄ መጣ። ስልክ ደወለ፣ ጎንበስ ጎንበስ እያለ አወራ፣ ከዚያ ወረቀቱን ገልብጦ መንገዱን ሣለልኝ፦ እዚህ ደረጃ፣ እዚህ ቀኝ፣ እዚህ ጋ ክብ አደረገ። ሄድኩ። ቦርሳዬ እዚያ ነበረች፣ ያገኛት ሰው ለጣቢያው ሠራተኞች ሰጥቷት ሄዷል።

ቋንቋ አንድ ቃል አላስፈለገንም። እና ተኚ፣ እህቴ።


ሁለቴ አጣሪ፦

ካርታ አልባ፣ ያንተ ታሪክ እኮ ከኔ ይብሳል። ፓስፖርትህን አግዳሚ ላይ ትተህ ሄደህ «ምንም አልሆንኩም» ትላለህ? ጃፓን ሆኖልህ ነው። እዚህ ጋ «አለመዘጋጀት ጥሩ ነው» ብለህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሄድ ሰው አትምከር።


የመስኮት ወንበር፦

ሁለታችሁንም አነበብኳችሁ፣ ሳቅኩም ደነገጥኩም። ትኬቴን አሁን አየሁት፣ ኤስ ኤ ደብልዩ ይላል። ሆቴሌ ሱልጣናህመት ነው፣ አውሮፓ በኩል! የማርፈው ደግሞ ማታ ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው። ይሄን ሳልጠይቅ ሄጄ ቢሆን ምን ልሆን ነበር።

ሁለት ነገር ልጨምር። ብቻዋን የሄደች ሴት ካለች ብትጽፍልኝ። ባቡሩን የሚያውቅም ካለ፣ ሌሊት ድንበር ላይ ምን ይደረጋል?


የድሮ መንገደኛ፦

ልጄ፣ በባቡሩ ልጀምርልሽ። የሶፊያው ባቡር አሁን የሚነሳው ከሃልካሊ ጣቢያ ነው። ድሮ የኦሪየንት ኤክስፕረስ መንገደኞች የሚወርዱበት ሲርኬጂ ጣቢያ ለሆቴልሽ ቅርብ ስለሆነ እግርሽ ወደዚያ እንዳይወስድሽ። እዚያ ሄደሽ ከሥሩ የሚያልፈውን ማርማራይ የሚባለውን የከተማ ባቡር ብትይዢ ግን ጥሩ ነው፣ መጨረሻው ሃልካሊ ነው። ጊዜ ሰጥተሽ ተነሺ፣ መንገዱ ረጅም ነው።

ሌሊት ካፒኩሌ ላይ ባቡሩ ይቆማል። ይሄ በቱርክ በኩል ያለው ድንበር ነው። እንቅልፍሽን አቋርጠሽ ወርደሽ ተሰልፈሽ ፓስፖርትሽን ታስመቻለሽ። ይበርዳል፣ ጃኬትሽን ሻንጣ ውስጥ እንዳታደርጊው። ገንዘብና ስልክሽንም አልጋው ላይ ትተሽ አትውረጂ። ከዚያ የቡልጋሪያዎቹ ደግሞ በተራቸው ያዩሻል። ማንም የሚያስረዳሽ የለም፣ ሰዉ ሲወርድ ውረጂ፣ ሰዉ ሲመለስ ተመለሺ። ቡልጋሪያ በብርዱ ወራት ሰዓቷን ወደ ኋላ ትመልሳለች፣ ቱርክ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አትነካካውም፤ እንደ ወቅቱ የአንድ ሰዓት ልዩነት ሊኖር ይችላልና ሶፊያ ስትደርሺ ሰዓትሽን አስተካክዪ።

የራሴን የሚያሳፍር ነገር ከጠየቅሽኝ በርሊን ላይ ነው የሆነው። የከተማ ባቡር ትኬት በማሽን ገዛሁ፣ ኪሴ ከተትኩ፣ ተሳፈርኩ። እንደ ማንኛውም ሰው የለበሱ ሁለት ወጣቶች፣ አንዱ ጂንስ አንዱ የስፖርት ጫማ፣ ባቡሩ ሲነሳ መታወቂያ አውጥተው «ትኬት» አሉ። በኩራት አወጣሁ። ልጁ ገልብጦ አየው። መለሰልኝና «ማኅተሙስ?» አለኝ። የምን ማኅተም? ለካ ትኬቱን ከገዛሽ በኋላ መድረኩ ላይ ባለች ትንሽ ሣጥን አፍ ውስጥ አስገብተሽ ቀኑንና ሰዓቱን ካላስመታሽበት እንዳልከፈልሽ ነው የሚቆጠረው። ሣጥኗን አይቻት ነበር፣ የቆሻሻ መጣያ መስላኝ ነው ያለፍኳት። «ትኬት ያለው ሰው እንዴት ይቀጣል?» ብዬ ተከራከርኩ። ልጁ አልተቆጣኝም፣ ይሄን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። የቅጣቱን ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፣ ባቡሩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መስኮት መስኮቱን ያያል። ያ መስኮት የማየት ነገር ነው እስከዛሬ የሚከነክነኝ። 

የሆቴልሽን ስምና አድራሻ በሲሪሊክ ፊደል ወረቀት ላይ ገልብጪው። በስልክ ሳይሆን በወረቀት። ስልክ የሚሞተው ስትፈልጊው ነው። የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ በቱርክም በቡልጋሪያም 112 ነው።


ቀስ ብላ አላፊ፦

ብቻዋን የሄደች ሴት እኔ ነኝ። ማታ ሦስት ሰዓት ለሚያርፍ ሰው የምለው አንድ ነገር ነው፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት እዚያው እስያ በኩል አሳልፊያት። ሆቴሉን አንድ ቀን ብታሳጥሪ ትንሽ ገንዘብ ትከስሪያለሽ፣ ጠዋት ግን ፀሐይ እያየሽ በጀልባ ቦስፎረስን ተሻግረሽ ትገቢያለሽ። የማያውቁት ከተማ በጨለማ ሲገቡበት ሁሉም ጥግ ያስፈራል። ያው ጥግ ጠዋት የልብስ መሸጫ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

እኔ የገባሁት ሃኖይ ነበር፣ በሌሊት። ስለዚህ ከልምድ ነው።

በማግሥቱ ከሆቴል ወጥቼ መንገዱን ልሻገር። ሞተር ሳይክል ነው፣ ሌላ ነገር አይታይም። መብራት የለም፣ ክፍተት የለም፣ የሚቆም የለም። ሊያልቅ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አያልቅም። ሃያ ደቂቃ ያህል አንድ ቦታ ቆምኩ፣ ከማዶ ያለውን ሱቅ እያየሁ። አንዲት ትንሽዬ አሮጊት መጥታ አጠገቤ ቆመች፣ ቁመቷ ክንዴ ጋ ነው፣ በሁለት እጇ ከረጢት ይዛለች። አየችኝ። አንዱን ከረጢት ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረችና ክርኔን ያዘች። ገባን። እኔ ልሮጥ ስል ጨበጥ አደረገችኝ፣ ልቆም ስል ጎተት አደረገችኝ። በአንድ ዓይነት እርምጃ፣ በቀስታ፣ ወደ ማንም ሳታይ። ሞተሮቹ በፊታችንም በኋላችንም እንደ ውኃ ተከፍለው ያልፋሉ። ለካ ሾፌሮቹ የሚያሰሉት ቀጥሎ የት እንደምትሆኚ ነው፣ ከሮጥሽ ወይ ወደ ኋላ ከተመለስሽ ስሌታቸውን ታፈርሺባቸዋለሽ። ማዶ ስንደርስ ክርኔን ለቀቀችኝ፣ ዞራ እንኳ አላየችኝም፣ ሄደች።

ገንዘቡ ደግሞ ሌላ ጉድ። የቬትናም ዶንግ ዜሮው ብዙ ነው። የ20 ሺውና የ500 ሺው ኖት ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። ለሞተር ታክሲ 20 ሺ የሰጠሁ መስሎኝ 500 ሺ ሰጥቼ ወረድኩ፣ ማታ ስቆጥር ነው ያወቅኩት። አላውቅም፣ ልጁም አላየው ይሆናል፣ ጨለማ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ አገር ስገባ መጀመሪያ የማደርገው የሆቴሉን በር ቆልፌ ኖቶቹን አልጋ ላይ ዘርግቼ ማየት ነው፣ ልክ እንደ ካርታ ተጫዋች። ሳቂ ብትፈልጊ።

ሰው ያይሻል፣ አፍጥጦ። አንዳንዱ ፎቶ ልነሳ ይልሻል። ካልተመቸሽ እምቢ ለማለት ምክንያት አትፈልጊ። እና የት እንደምታድሪ ለጠየቀሽ ሁሉ አትንገሪ፣ «ጓደኛዬ እየጠበቀችኝ ነው» በቂ ነው።


ባዶ እጅ፦

አጭር ነው የኔ። ሻንጣዬ አልደረሰም። የአየር መንገዱን ስም አልጠራም፣ የትም ሊሆን ይችላል። ሻንጣ የሚዞርበት ቤልት እስኪቆም ጠበቅኩ፣ ከቆመ በኋላም ትንሽ ጠበቅኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ስህተቴ «ነገ እደውላለሁ» ብዬ መውጣቴ ነው። ከኤርፖርቱ ሳትወጪ ፒ አይ አር የሚባለውን የሻንጣ ችግር ማመልከቻ ፎርም አስሞይ፣ ቁጥሩን ያዢ። በሞንትሪያል ኮንቬንሽን፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የአየር ጉዞ ስምምነት፣ ለተሰበረ ሻንጣ በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ለመጣ ደግሞ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለብሽ፣ ካለፈ አለፈ። የሻንጣሽን ፎቶ አንሺው። «ጥቁር፣ መካከለኛ» ብዬ ስነግራት ሠራተኛዋ ከኋላዋ የተደረደሩትን ጥቁር መካከለኛ ሻንጣዎች በአገጯ አሳየችኝ። አንድ ቅያሪ ልብስና መድኃኒት በእጅሽ።

ኤቲኤም ደግሞ «በራስህ አገር ገንዘብ ላስላልህ?» ብሎ ከጠየቀሽ እምቢ በይ። ደግነት ይመስላል፣ ምንዛሬው ግን ይጎዳሻል።


ካርታ አልባ፦

እሺ፣ ከላይ ለተሰጠኝ ተግሣጽ፦ አለመዘጋጀት ጥሩ ነው አላልኩም። ግን ይሄን ሁሉ አንብባ፣ ፊደል አጥንታ፣ ኖት ዘርግታ፣ ወረቀት ገልብጣ ብትሄድም የሆነ ያልታሰበ ነገር ይገጥማታል። እሱን ነው ማለት የፈለግኩት። ፓስፖርቱን በተመለከተ ተቀብያለሁ፣ አሁን አንገቴ ላይ ነው።


ሦስተኛው ቀን፦

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ብቸኝነቱን።

የመጀመሪያው ቀን ትደነግጫለሽ፣ ሁለተኛው ቀን ሁሉም ነገር ያምርሻል፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ሆድሽ ይባባል። ለኔ ሊዝበን ላይ ነበር። ከተማው ቆንጆ ነው፣ ትራሙ ዳገቱን እየተንፏቀቀ ይወጣል፣ ወንዙ ከሁሉም ቦታ ይታያል። አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ራሴን «እሺ» ስል ሰማሁት፣ ድምፄ ሻክሯል። ቆጠርኩ። ሦስት ቀን ሙሉ «ይሄ ስንት ነው»ና «አመሰግናለሁ» እንጂ ሌላ ነገር አልተናገርኩም።

ልብሴ አልቆብኝ ስለነበር የሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ፈልጌ ሄድኩ። በሩ ላይ «ፑሽ» የሚመስል ቃል ተለጥፏል። ገፋሁት። እምቢ። በትከሻዬ ገፋሁት። ከውስጥ አንዲት እናት ቁጭ ብለው በመስታወቱ ያዩኛል፣ በእጃቸው ወደ ራሳቸው ሳብ፣ ሳብ ያደርጋሉ። በፖርቱጋልኛ ቃሉ «ሳብ» ማለት ነው! ይሄ በር ስንቱን የውጭ ሰው እንዳስታገለ።

ገባሁ። ሳሙናውን የተሳሳተ ቦታ ጨመርኩት መሰለኝ ተነስተው መጡና እጄን ጠፍ አደረጉኝ፣ ልክ እንደ ልጃቸው። ተቆጡኝ፣ በፖርቱጋልኛ፣ ረጅም ቁጣ። ነጭና ቀለም ያለውን ልብስ አንድ ላይ መክተቴንም አልወደዱትም፣ እያወጡ ለዩት። የውስጥ ሱሪዬን ሁሉ። በሌላ ቀን ቢሆን በሀፍረት እሞታለሁ። ያን ቀን ግን ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ሰው አልነካኝም ነበር፣ እንባዬ መጣ። ማሽኑ እስኪጨርስ አርባ ደቂቃ ጎን ለጎን ተቀምጠን ልብሱ ሲዞር አየን። አንዳንዴ የሆነ ነገር ይሉኛል። እኔም በራሴ ቋንቋ እመልስላቸዋለሁ። 

ስለዚህ ሦስተኛው ቀን ላይ ሙዚየም አትግቢ። ሰው ሥራ የሚሠራበት ቦታ ሂጂ፣ ማጠቢያ ቤት፣ ገበያ፣ ፀጉር ቤት።


የመስኮት ወንበር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ የጻፉትን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ ጃኬቱን ከሻንጣ አውጥቻለሁ። የመጀመሪያዋን ሌሊት እስያ በኩል ያዝኩ፣ ሱልጣናህመቱን በአንድ ቀን አሳጠርኩት። ከነገ ወዲያ ነው የምበረው። ስመለስ እጽፋለሁ፣ ወይም እንቅልፍ ካጣሁ ከዚያው።


የመስኮት ወንበር፦

ከሶፊያ ነው።

ኢስታንቡልን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ፣ ጀልባው ብቻውን አንድ ሙሉ ጽሑፍ ይፈልጋል። ካፒኩሌ ላይ ጋሼ እንዳሉት ሆነ፣ ሰዉ ወረደ ወረድኩ፣ ሰዉ ተመለሰ ተመለስኩ። ከፊቴ የነበረ ሰውዬ ብርድ ልብሱን እንደለበሰ ነው የተሰለፈው።

ሶፊያ ጠዋት ደረስኩ። ክፍሌ የሚለቀቀው ከሰዓት ስለሆነ ሻንጣዬን ጣቢያው ዕቃ ማስቀመጫ ላድርገው ብዬ ሄድኩ። መስኮት አለ። ሴትዮ አለች። የሆነ ነገር ጠየቀችኝ፣ እጇን ሻንጣዬ ላይ አድርጋ። ልታስቀምጪ ነው ወይ መሆኑ ገባኝ። እኔ ደግሞ የእሷን አንገት በደንብ ነው የምጠብቀው፣ አትወዛወዝም አትነቃነቅም፣ ፈተናውን ያለፍኩ መስሎኝ ደስ ብሎኛል። እና በደስታ ራሴን ነቀነቅኩላት።

ሻንጣዬን ገፋ አድርጋ መለሰችልኝ።

እንደገና ወደሷ ገፋሁት፣ ጭራሽ ሁለቴ ነቀነቅኩ። እንደገና መለሰችልኝ፣ አሁን ቆጣ ብላ። ሦስተኛው ላይ ነው የበራልኝ፣ የሰዉን አንገት ስጠብቅ የራሴን ረስቼዋለሁ። «ዳ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ «ዳ፣ ዳ!»። ሴትዮዋ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። ቁጥር ያለው ወረቀት ሰጠችኝ።

ሰልፉም ነበረ። ዞር ብዬ ቆጠርኩት፣ ሦስት ሰው።